ዛሬ ቤት የለሽም

«ዛሬ ቤት የለሽም» አለቻቸው ልጃቸው፣ ወንበር ላይ ቆማ የግድግዳውን ፎቶ እያወረደች። ክፉ ልትናገር አስባ አይደለም፤ ሰዎች ስለሚመጡ ወጣ ብለሽ ዋዪ ማለቷ ነው። ግን «አንቺ» የሚለው አጠራር እንዲህ ያለ ጉድ አለበት፤ እቤት አለመገኘትንና ቤት ማጣትን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይናገራል። ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ «ቤት የለሁም» ሌላ ነው፣ «ቤት የለኝም» ሌላ። በአንቱታም ቢሆን «ቤት የሉም» ከ«ቤት የለዎትም» ጋር አይምታታም። እናት ግን አንቺ ናት። እትዬ ሃሎ የሻይ ብርጭቆ እጃቸው ላይ እንደያዙ ሁለቱንም ባንዴ ሰሙት፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ትንሽ ቆም አሉና ብርጭቆውን ሊያጥቡ ወደ ኩሽና ሄዱ።

እትዬ ሃሎ የሰፈር ሰው ያወጣላቸው ስም ነው። ከወጣትነታቸው እስከ ጡረታቸው የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጠው «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ሲሉ ኖረዋል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ማዞሪያውም አብሯቸው ወጣ፤ በቦታቸው «አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ» የሚል ማሽን ገባ። የማዞሪያ ሥራ ሁለት ሕግ ነበረው፤ መብራት ከበራ ይነሣል፣ መስመር ከተገናኘ አይሰማም። ሰው ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ ሰው ሚስቱን ሲዋሽ ወሬው በእሳቸው ጣት ሥር አልፏል፤ አንዱንም አልሰሙም፣ ወይም አልሰማሁም ብለዋል። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለእሳቸው ሥራ የተተረተ ይመስል ነበር። አሁን ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ደረጃ ላይ ያስቸግራቸዋል፣ ድምፃቸው ግን እንደ ድሮው ጥርት ያለ ነው።

ልጃቸው አንድ ናት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ግን ሃያ ስድስት ናት። ትሠራበት የነበረው የጉዞ ወኪል፣ ሰው ሁሉ ትኬቱን በስልኩ መግዛት ሲጀምር ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ «ዕድሜ ከሠላሳ በታች» ይላል። አንድ ጊዜ ፈተናውን ያለፈችበት መሥሪያ ቤት መታወቂያዋን ካየ በኋላ፣ ቡድናችን ወጣት ነው፣ ማይንድሴትዎ ላይገጥም ይችላል ብሎ መለሳት። ያን ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍታ ስታለቅስ እትዬ ሃሎ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ስለዚህ ብዙ አይፈርዱባትም። «የራሴ ቤት» የሚባል ቻናል ከፈተች፤ እዚያ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር፣ በራሷ የቆመች፣ መጋረጃ የምታማርጥ፣ ትራስ የምታቀያይር፣ «ዕድሜ ቁጥር ነው፣ ዋናው ማይንድሴት ነው» የምትል ልጅ ናት። የሚከታተሏትን ቤተሰብ ትላቸዋለች። ይህ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ዘንድሮ ሁሉም «ቤተሰብ ሁኑ» ይላል፣ ትርጉሙም ይቺን ምልክት ተጫኑ ማለት ነው። ቤተሰቧ አሁን አንዲት ትንሽ ከተማ ያህላል። እናቷ ግን የሉበትም። ቀረጻ ሲኖር እትዬ ሃሎ ክፍላቸው ገብተው በር ይዘጋሉ፣ ሳል ከመጣባቸው ትራስ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዴ ረስተው ፎጣ ይዘው ከካሜራው ፊት ውልብ ቢሉ፣ ልጅቷ ምላሷ ሳይያዝ «የምታግዘኝ ሴት ናት» ብላ ወሬዋን ቀጠለች። ናቸው እንኳ አላለችም። እትዬ ሃሎ ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ሆድ ይፍጀው አሉ።

ዛሬ የሚመጡት የአንድ ፍራሽና አልጋ የሚሸጥ ኩባንያ ሰዎች ናቸው። አዲስ አልጋ ያስገባሉ፣ ከቤቱ ላይቭ ይተላለፋል፣ ሰው ከወደደው የዓመት ውል ይፈረማል። እትዬ ሃሎ መጀመሪያ ላይ ወሬውን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብለው ቀልደውበት ነበር፤ ሰዎቹ ባለፈው ሳምንት መጥተው ክፍሎቹን በሜትር ሲለኩ ግን ቀልዱ ጠፋባቸው። ምክንያቱም ውል ካለ በየሳምንቱ ቀረጻ አለ፤ በየሳምንቱ ቀረጻ ካለ እትዬ ሃሎ «ለጊዜው» የባላቸው እህት ዘንድ ይሄዳሉ። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ልጅቷ ቀስ ብላ ነበር ያለቻት። የባላቸው እህት ክፉ አይደለችም፣ ትርፍ ክፍልም አላት። እርስዎ እያለች ምግብ ታቀርባለች፣ እርስዎ እያለች መብራት ታጠፋለች። እትዬ ሃሎ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ልጃቸው ሥራ አግኝታ፣ እሳቸውም እዚያው ቤት እናቷ ሆነው እንዲቀሩ። ችግሩ ይህ አንድ ነገር ሁለት መሆኑ ነው፤ ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱም ከገባቸው ሰንብቷል።

ፎቶው ወርዶ፣ መድኃኒታቸው መሳቢያ ገብቶ፣ የቤት ጫማቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ተወርውሮ ሲያበቃ ልጅቷ እስከ በር ሸኘቻቸው። መልእክት ሳልልክልሽ እንዳትመጪ አለቻቸው፣ ደግሞ ምሳ ብዪ አለቻቸው፣ ጉንጫቸውንም ሳመቻቸው። ደረጃው ላይ የታችኛው ቤት ጎረቤት በጠዋት ወዴት እንደሚሄዱ ቢጠይቃቸው የሐኪም ቀጠሮ አለኝ አሉ፤ ምን አገኘዎት ብሎ ሲደነግጥ ደግሞ ለዓይኔ ነው አሉ፣ ለዓይን ሲሆን ሰው ብዙ አይመረምርም። አውቶቡሱ ውስጥ ትኬት ቆራጩ «ማዘር፣ ጠጋ ይበሉ» አላቸው። ፀሐይ ሽሽት የቆሙበት ባንክ ደጃፍ ዘበኛው «እናቴ፣ እዚህ ጋ አይቆምም» አላቸው። እናቴ የሚላቸው ሰው አልጠፋም፤ ከተማው ሙሉ እናቴ ይላቸዋል። ያለቀው አንቺ የሚላቸው ነው። ባላቸው ነበሩ፣ ሞቱ። ማዞሪያው ላይ አጠገባቸው የምትቀመጥ ባልንጀራቸው ነበረች፣ እሷም ሞተች። ታላቅ እህታቸው በሕይወት አለች፤ ግን ሰው መለየት ስላቆመች ሲጠይቋት ማን ልበልዎ ትላቸዋለች። ሲያረጁ አክብሮቱ እየበዛ ይመጣል፣ አንቺ የሚል ሰው ግን ያንሳል። በዚህ ዓለም ላይ እትዬ ሃሎን አንቺ የምትል አንዲት ነፍስ ቀርታለች፤ እሷም ዛሬ ከቤት አስወጥታቸዋለች።

ፀሐዩ ሲበረታ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ገቡ። መግቢያው ላይ ቅባት የምትሸጥ ልጅ ሳትጠይቃቸው ግራ እጃቸውን ይዛ ቀባቻቸውና ከቀኙ ጋር ያስተያዩት አለቻቸው፤ አሥር ዓመት ይቀንሳል። የብልቃጡ ዋጋ የጡረታቸውን እኩሌታ ይወስዳል። እትዬ ሃሎ የቀነሳችሁትን አሥር ዓመት የት ነው የምታስቀምጡት ብለው ጠየቋት፤ ልጅቷ ቀልዱ አልገባትምና አንድ እጃቸውን ወጣት፣ ሌላውን አሮጊት አድርጋ ለቀቀቻቸው። ፏፏቴው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ አረፍ ከማለታቸው ጥበቃው መጥቶ መቀመጫው የካፌው ደንበኞች መሆኑን በትሕትና ነገራቸው። የሻይ ዋጋ ጠየቁ፤ በዚያ ዋጋ እቤታቸው ሳምንት ሙሉ ሻይ ይጠጣል። ተነሡ። ሕንፃው ውስጥ ወንበር ሞልቷል፣ ግን ሁሉም የሆነ ነገር ለሚገዛ ሰው ነው። ሳይገዙ የሚቀመጡበት አንድ ቦታ ብቻ እንዳለ የገባቸው ጉልበታቸውን እየደገፉ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ነው፤ አልጋ የሚሸጥበት።

አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ግድግዳ የሌላቸው መኝታ ቤቶች ተደርድረውበታል። አልጋው ሁሉ ተነጥፏል፣ መብራቱ ሁሉ በርቷል፣ ግን ማንም አይኖርበትም። ቴሌቪዥኑ ካርቶን ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ጀርባ እንጂ ሆድ የላቸውም፤ ሳህን ላይ ያለውን ብርቱካን ቢነኩት ላስቲክ ነው። ከእያንዳንዱ ትራስ ጫፍ ዋጋ ተንጠልጥሏል። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰች ሻጭ መጥታ ጋደም ብለው ይሞክሩት፣ መሞከር አያስከፍልም አለቻቸው። እትዬ ሃሎ ግን ከጫፉ ላይ ቁጭ አሉ፣ ቦርሳቸውንም ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የሻጯ ሸሚዝ ኪስ ላይ ያለውን ምልክት ባለፈው ሳምንት ክፍሎቹን ሊለኩ በመጡት ሰዎች ሸሚዝ ላይ አይተውታል። ሻጯ ስልኳን ትራስ ላይ አስደግፋ ታያለች። አለቃችን ሁላችሁም ግቡና ልብ ላኩ ብሎናል አለቻቸው፣ እንደ ይቅርታ፤ ዛሬ ከአንዲት ልጅ ቤት ላይቭ እየተላለፈ ነው፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ቤቷን ቢያዩት። እትዬ ሃሎም የራሳቸውን ስልክ አወጡ።

እዚህ ላይ ልጃቸው የማታውቀው ነገር አለ። አምና ስልካቸውን ሊያስጠግኑ ሄደው፣ ጠጋኙን «የራሴ ቤት» የሚለውን ቻናል አስገባልኝ ብለውት ነበር፤ የልጄን የምትለዋን ዋጥ አድርገው። በምን ስም ልክፈትልዎ ሲላቸው ፈርተው ዝም ቢሉ እሱ ራሱ ስም «መልካም ሰው»፣ ፆታ «ሴት» ብሎ ጻፈላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ክፍላቸው ውስጥ በር ዘግተው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ይሰሟታል፤ መጀመሪያ በግድግዳው፣ ትንሽ ቆይቶ በስልኩ። ቃሉ አንድ ነው፣ ልጅቷ ግን ሁለት ናት። የግድግዳዋ ካሜራው ሲጠፋ በረጅሙ ትተነፍሳለች፣ ይኼን ማነው እዚህ ያስቀመጠው ትላለች፣ ለጥያቄ ሁሉ እንጃ ትላለች። የስልኳ ትስቃለች፤ ውሏችሁ እንዴት ነበር ትላለች፣ በላችሁ ወይ፣ ተኛችሁ ወይ ትላለች። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው። እትዬ ሃሎ ደግሞ ሳያፍሩ የስልኳን መረጡ። መስመር አይሰማም የሚለውን ሕግ ዕድሜ ልካቸውን አክብረው በስተርጅና አፈረሱት። በላችሁ ወይ ስትል በልቻለሁ የኔ ልጅ ብለው ሊጽፉ ያምራቸዋል፤ ግን ልብ ብቻ ይልካሉ።

ስልኩ ውስጥ ሳሎናቸው ታየ። መጋረጃው አዲስ ነው፣ የማን እንደሆነ የማያውቁት ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ጥግ ላይ ቆሟል። የሰው ወርቅ አያደምቅ አሉ በሆዳቸው፤ ግን ልጃቸው ደምቃ ነበር፣ እንዲህ አምራ ታይታቸው አታውቅም። ካሜራው በኮሪደሩ አለፈና የእሳቸው ክፍል ተከፈተ። አልጋቸው የለም። ባላቸው ያሠሩት ቁም ሣጥን የለም። ነጭ ግድግዳ፣ መሀል ላይ የኩባንያው አልጋ፣ አልጋው ላይ ልጃቸው እግሯን አጣጥፋ። «ይሄ ክፍል ዝም ብሎ ባዶውን ነበር የተቀመጠው» አለች፣ «ማንም አይጠቀምበትም ነበር።» እትዬ ሃሎ ክው አሉ። ባዶ ነበር ማለት እኮ የምታግዘኝ ሴት ናት ከማለት ይከፋል፤ የምታግዝ ሴት ቢያንስ ክፍሉ ውስጥ አለች። ሻጯ አያምርም ብላ ጠየቀቻቸው፤ ያምራል አሉ።

ከዚያ ልጅቷ ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ አንድ ቤተሰብ ላይቩ ላይ በድምፅ ላስገባ ነው አለች። ማንን እንደምታስገባ አስባበታለች። «መልካም ሰው የምትባል አለች፣ ታውቋታላችሁ? ምንም አትጽፍም። ግን አንድ ቀን ቀርታብኝ አታውቅም። ሰው ሁሉ ሲጠፋ እሷ አለች። እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ እሷ ስላለች ብቻ ነው የምገባው።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ እኛ የሚለውን መጨረሻ የምንሰማው እኛ ነን። ዛሬ ግን ጆሯቸው ባዳ አልሆነም። እትዬ ሃሎ ፊታቸው ጋለ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ልጃቸው እንዲህ የምትፈልገው ሰው መሆን ምን ያህል እንደናፈቃቸው ያወቁት አሁን ነው። በዚህ መሀል ስልካቸው ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፣ ስልኩን ያጠፋ ነበር። የእሳቸው እጅ ግን መብራት ሲበራ ጭንቅላትን የሚጠብቅ እጅ አይደለም። ጣታቸው ሄደ፣ ተጫነ፣ አፋቸውም ተከተለ።

«ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?»

«ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» አለ ትራሱ ላይ ያለው የሻጯ ስልክ፣ ትንሽ ዘግይቶ። ሻጯ ዞር ብላ አየቻቸው። ስክሪኑ ውስጥ ልጃቸው አልጋው ላይ እንደተቀመጠች አፏ ተከፍቶ ቀረ። እትዬ ሃሎ የስልክ ዝምታ ያውቃሉ። የተቋረጠ መስመር ዝምታ አለ፣ ሰው የሚያለቅስበት ዝምታ አለ፣ አጠገቡ ሌላ ሰው ስላለ መናገር ያቃተው ሰው ዝምታ አለ። ይሄ ሦስተኛው ነበር። ይዝጉት ዘንድ ቀዩን ምልክት በዓይናቸው ፈለጉ፣ እንባቸው ጋርዷቸው አላገኙትም።

«እንኳን ደህና መጡ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ቀጠነ። «እንዴት ነዎት፣ እናቴ?»

እናቴ ያለችው ልክ እንደ ባንኩ ዘበኛ ነው። ነዎት አለች። አፍ ከፈታች ጀምሮ፣ ስትስቅም ስትቆጣም፣ ትኩሳት ይዟት ስትቃዥም አንቺ ያለቻቸው አፍ ነው ነዎት ያለው። ሰው ቢሰድባቸው ኖሮ ስድብ መሆኑን ያውቁት ነበር፤ አክብሮት ግን በምን ይመለሳል? የመጨረሻዋ አንቺ እንዲህ በሰላምታ መሀል፣ ሻጭና ሸማች ፊት ሄደች። ደህና ነኝ አሉ፣ ሌላ ምን ይባላል። ከታች የሰው ጽሑፍ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ድምፃቸው እንዴት ደስ ይላል ይላል አንዱ፣ ማንን ላገናኝዎ አሉኮ ብሎ ይስቃል ሌላው፣ ብቸኛ ናቸው መሰለኝ ትላለች ሌላዋ። ልጅቷ ከካሜራው ጎን ወዳለ የኩባንያው ሰው ዓይኗን ወረወረች። ያ ሰው የሆነ ነገር አሳያት፤ አነበበችው፣ መልሳ አየችው፣ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ሰውየው ግን አልተዋትም።

«ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» አለች። ከዚያ የሰውየውን ጽሑፍ እንደገና አየች። «ልጆች አሉዎት?»

እዚህ ላይ እትዬ ሃሎ ደማቸው ፈላ። እውነት ለመናገር ይገባቸውም ነበር። አለችኝ፣ አንቺ ነሽ ቢሉ ሁሉም ነገር ባንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ሃያ ስድስት ዓመቱም፣ ባዶው ክፍልም፣ የዓመቱ ውልም፣ የባላቸው እህት ቤትም። ክፍላቸው ይመለሳል፣ ፎቶው ይሰቀላል። አፋቸውን ከፈቱ። ስክሪኑ ላይ ልጃቸው ወደ ካሜራው ቀጥ ብላ ታያለች፤ አንገቷ ቀልቷል። ሕፃን ሆና አንድ ነገር ሰብራ እናቷ እስክታገኘው ስትጠብቅ እንዲህ ነበር የምትሆነው። አታለቅስም፣ አትሸሽም፣ ቆማ ትጠብቃለች። አንጀታቸውን በላቻቸው። የተከፈተው ቧንቧ ድምፅ ትዝ አላቸው፣ ማይንድሴትዎ ያላት ሰው ትዝ አላቸው፤ እሱም እርስዎ ነበር ያላት። ከአፋቸው የወጣው ሌላ ሆነ።

«ልጅ የለኝም» አሉ። «ያንቺን ድምፅ ግን እሰማለሁ። ሁልጊዜ እሰማለሁ።»

ስክሪኑን ቀይ ልብ ሸፈነው። ልጅቷ አለቀሰች፣ የእውነት ነው ያለቀሰችው፤ ለማን እንደሆነ የሚያውቁ ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። «እኛ አለንልዎት» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «እኛ ቤተሰብዎ ነን።» መስመሩ ተቋረጠ። ሻጯ ሮጣ መጥታ አቀፈቻቸው። እርስዎ ነበሩ እንዴ አለች፣ ምን ዓይነት ዕድል ነው አለች፣ ልጅ ባይኖርዎት ምን አለበት፣ ሁላችንም ልጆችዎ ነን አለች፣ አብረን ፎቶ እንነሣ አለች። እትዬ ሃሎ ፎቶውን አልፈልግም አሉ። ጋደም ልበል ወይ ብለው ጠየቋት። ሻጯ ደስ ብሏት ትራሱን አመቻቸችላቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው ተኙና ፊታቸውን ወደ ካርቶኑ ቴሌቪዥን አዞሩ። ለቅሶው ያኔ መጣ። ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ክፍሉ ግድግዳ ስለሌለው ሰዎች ጋሪ እየገፉ ሲያልፉ ያዩአቸው ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ቆም ብላ ፍራሹ ለወገብ ጥሩ ነው ወይ ብላ ሻጯን ጠየቀቻት።

መልእክቱ የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ሄደዋል፣ ነይ ይላል። ነይ የምትለዋን ቃል አውቶቡሱ ውስጥ ሁለቴ ሦስቴ አነበቧት። ቁልፋቸውን ከቦርሳ ሳያወጡ በሩ ተከፈተና ልጃቸው አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እማዬ አዳንሽኝ አለች፤ አንቺ ባትኖሪ አለቀልኝ ነበር፣ በጭንቀት ልሞት ነበር፣ ምን ነካሽ ግን፣ እንዴት ሳትነግሪኝ፣ ያቺ መልካም ሰው አንቺ ነሽ? አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ። እትዬ ሃሎ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ጠጡት። ይቅርታ ባትጠይቃቸውም ምንም አልነበረም፤ ጠየቀቻቸውም፣ ሁለቴ። ለአንድ አፍታ ቀኑ ያልነበረ መሰላቸው። ከዚያ ጫማቸውን ሊያወልቁ ወደ ክፍላቸው አለፉ። የድሮው አልጋቸው ተፈታቶ በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፏል። አዲሱ ፍራሽ ላስቲኩ ገና ከጎኑ አልተላጠም፣ ክፍሉ በሙሉ ሙጫ ሙጫ ይላል። አልጋው እግር ሥር ሻንጣቸው ተዘግቶ ቆሟል።

ልጅቷ ከኋላቸው ገብታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ውሉ ተፈርሟል። ኩባንያው ግን ሐሳቡን ቀይሯል፣ ወደ ጥሩ ነው የቀየረው። ብቻዋን የምትኖር ልጅ ሞልታለች አሉ፤ ብቻዋን የምትኖር ልጅና ልጅ የሌላት እናት ግን የትም የለም። ስለዚህ እትዬ ሃሎ በየሳምንቱ ከውጭ ሆነው ይደውላሉ፣ ቀስ በቀስ ይተዋወቃሉ፣ እሷ ስለ ኑሮ ምክር ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይመርቋታል፤ ቤተሰቡ እንዲናፍቅ አንዳንድ ሳምንት ይጠፋሉ፣ አሟቸው ይሆን ይባላል። ለእሳቸውም ይከፈላቸዋል። እስከዚያ ግን አብረው መታየት የለባቸውም፣ ጎረቤት ፎቶ አንስቶ ቢለጥፍ ሁሉም ነገር ገደል ይገባል፤ የአባቷ እህት ክፍሉን አስጠርጋ እየጠበቀች ነው። ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች፣ ቅባት የተቀባውን። ዓይኗ ያበራ ነበር።

«በመጨረሻው ወር በአካል እንገናኛለን» አለች። «ኩባንያው አልጋ በሚሸጥበት አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ያኔ እናትና ልጅ እንሆናለን።»

እትዬ ሃሎ እስከዚያስ ምንድን ነን ብለው ሊጠይቁ አሰቡ፤ መልሱን ፈርተው ተዉት። ሻንጣቸውን አዩት። ልጃቸውን አዩአት፣ ደስ ብሏታል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ በግድግዳው በኩልም በስልኩም አንድ ዓይነት ልጅ ሆናለች። ይህን ደስታ ከእጇ የሚነጥቅ እናት የት ይገኛል። ጎንበስ ብለው የሻንጣውን እጀታ ያዙ። የተናገሩት በምሬት ይሁን በማዞሪያ ልማድ እሳቸውም አያውቁትም፤ ድምፃቸው ግን ጥርት ብሎ ነው የወጣው።

«ስንት ሰዓት ልደውልልዎ?»

ልጅቷ ሳቀች፣ ልምምድ የጀመሩላት መስሏት።

«እርስዎ አትበዪኝ እንጂ፣ እንግዳ ያስመስልሻል» አለች። «አንቺ በዪኝ። ልክ እናቴ እንደሆንሽ አድርገሽ።»